የዜሮ መቶ ፐርሰንት ስንት ነው?

ሰሞኑን የቨርጂኒያን ፈተና ላለፋችሁ ተማሪዎቼ በሙሉ፣ እንኳን ደስ አላችሁ! ሌሊቱን ኡበር ስትነዱ አድራችሁ፣ ከሆስፒታል ሺፍት በቀጥታ ወደ ክፍል መጥታችሁ፣ 60ውን ሰዓት ከእንቅልፍ ጋር እየታገላችሁ ጨርሳችሁ ነው ያለፋችሁት። ይገባችኋል።

አሁን ደግሞ ስልካችሁ መጮህ ይጀምራል። የላይሰንስ መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ስማችሁ እንደወጣ የሚያየው ሰው ብዙ ነው። «እህቴ፣ የት ልትገቢ አሰብሽ?» «ወንድሜ፣ ከእኛ ጋር 100 ፐርሰንት ኮሚሽን ነው፤ አንድ ሳንቲም አንነካብህም።» ቡና ትጋበዛላችሁ፣ ምሳ ትጋበዛላችሁ። አንዳንዱ ቢሮማ ፎቶአችሁን በፖስተር ሠርቶ «እንኳን ወደ ቤተሰባችን መጣህ» ለማለት እስክትፈርሙ እንኳ አይጠብቅም።

ዛሬ መናገር የፈለግኩት ስለዚህ ነው። ቅር የሚላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ጓደኞቼ ናችሁ። ግን በየዓመቱ የማየው ነገር ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። አዲስ ኤጀንት ብሮከሬጅ ሲመርጥ የመጀመሪያ ጥያቄው «ስንት ፐርሰንት ትሰጡኛላችሁ?» ከሆነ ገና ሳይጀምር ተሸውዷል። የመጀመሪያው ጥያቄ «የመጀመሪያ ኮንትራቴን ከእኔ ጋር ቁጭ ብሎ የሚያነበው ማነው?» ነው። የቀረው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ይታወቅልኝ። እኔ ብሮከሬጅ የለኝም። ሰው መልምዬ የማገኘው ሳንቲም የለም። የት ግቡ ብዬም ስም አልጠራም። በኢንቦክስ «የት ልግባ?» ብላችሁ ብትጠይቁኝም መልሴ ይኸው ጽሑፍ ነው።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራ

ለስሌት እንዲመች የአንድ ቤት ዋጋ 500,000 ዶላር ነው እንበል። የእናንተ ወገን ኮሚሽን ደግሞ 2.5 ፐርሰንት ይሁን (ኮሚሽን በሕግ የተቆረጠ ሳይሆን በድርድር የሚወሰን መሆኑን ክፍል ውስጥ ደጋግመን አይተናል)። ስለዚህ 12,500 ዶላር ነው። «100 ፐርሰንት» የሚለው ቢሮ በወር 100 ዶላር፣ በእያንዳንዱ ክሎዚንግ ደግሞ 500 ዶላር ይወስዳል እንበል። ሌላኛው ቢሮ 60/40 ነው፤ ወርሃዊ ክፍያ የለውም፤ ግን ቁጭ ብሎ ያስተምራል።

በዓመት ሁለት ቤት ብታሻሽጡ ከመጀመሪያው ቢሮ 22,800 ዶላር፣ ከሁለተኛው 15,000 ዶላር ይደርሳችኋል። ልዩነቱ 7,800 ነው፤ አልክድም፣ ትልቅ ገንዘብ ነው። የመልማዩ ስሌት እዚህ ላይ ያበቃል። የእኔ ግን ከዚህ ይጀምራል። ሁለት ቤት ትሸጣላችሁ ያላችሁ ማነው? የሚያሳያችሁ ሰው ሳይኖር ብቻችሁን ተንደፋድፋችሁ አንድ ብቻ ከዘጋችሁ 10,800 ነው። አንድም ካልዘጋችሁ 1,200 ዶላር ከኪሳችሁ ወጥቷል። የዜሮ መቶ ፐርሰንት ዜሮ ነው፤ ወርሃዊ ክፍያው ሲቀነስ ደግሞ ከዜሮም በታች ነው። አጠገባችሁ የሚያስተምር ሰው በመኖሩ ብቻ አንዷ ቤት ሁለት ብትሆን፣ ያ «ይበዘብዛል» የተባለው 60/40 በ4,200 ዶላር ይበልጣል።

ስለዚህ ፐርሰንት ማለት የሚካፈሉት ነገር ሲኖር ነው። ድፎው ሳይጋገር ስለ አቆራረጡ ለምን እንጣላለን?

«ቲም» የሚባለውንም ሂሳብ ሥሩት። «በኛ ቲም 50/50 ነው» ሲሏችሁ የምን ግማሽ እንደሆነ ጠይቁ። ብሮከሬጁ 70/30 ከሆነ፣ ከ12,500 ውስጥ መጀመሪያ ብሮከሬጁ 3,750 ያነሳል። ከተረፈው 8,750 ቲሙ ግማሹን ይወስዳል። እናንተ እጅ የሚገባው 4,375 ዶላር ነው፤ ከጠቅላላው 35 ፐርሰንት። ቲሙ ደንበኛ እየሰጠና እያሠለጠነ ከሆነ ይህ ላይጎዳ ይችላል። ደንበኛውን ከዕድራችሁና ከቤተክርስቲያናችሁ ያመጣችሁት እናንተው ከሆናችሁ ግን ግማሹን የምትሰጡት ለምን እንደሆነ አንድ ሰው ያስረዳችሁ።

የጋበዛችሁ ሰው ምን ያገኛል?

አሁን አሁን ብዙ ኩባንያዎች ኤጀንት ላመጣ ኤጀንት ይከፍላሉ። እናንተ ቤት ስትዘጉ ኩባንያው ከሚወስደው ድርሻ ላይ ለጋበዛችሁ ሰው ይቆረስለታል። ሕጋዊ ነው፤ ነውርም የለበትም። ነውሩ አለመንገሩ ላይ ነው። እናንተ በመግባታችሁ ገንዘብ የሚያገኝ ሰው ሻጭ እንጂ አማካሪ አይደለም። ሻጭን ደግሞ እንደ ሻጭ ነው የሚሰሙት። ክፍል ውስጥ «ሌላውን ወገን የሚወክል ኤጀንት ለደንበኛችሁ ምክር ቢሰጥ ምን ትላላችሁ?» ስላችሁ ሁላችሁም በአንድ ድምፅ ነበር የመለሳችሁት። ታዲያ ለራሳችሁ ሲሆን ለምን ይረሳል?

ቀላል መፈተኛ ልስጣችሁ። የጋበዛችሁን ሰው «እኔ ብገባ አንተ ምን ታገኛለህ?» በሉት። ሳይቅለሰለስ በቁጥር ከነገራችሁ ጥሩ ሰው ነው፤ ቡናውን ጠጡለት። «ኧረ እኔ ለወንድሜ ብዬ ነው» ካለ ግን ቡናውን ጠጡና ሂዱ። የአባቶቻችን ተረት ይኼን ዓይነቱን ጋባዥ ድሮ ጨርሶታል፦ በቅሎ ግዙ ግዙ፣ አንድ አሞሌ ላያግዙ።

60 ሰዓት ምን አስተማራችሁ?

እውነቱን እንነጋገር፤ ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝና መናገር እችላለሁ። 60ው ሰዓት ፈተና ያሳልፋል። ፊ ሲምፕል ምን እንደሆነ፣ ሊን ምን እንደሆነ፣ ኢዝመንት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ኦፈር አዘጋጅቶ መላክ፣ ሰባት ኦፈር ከቀረበበት ቤት ላይ ደንበኛን መምከር፣ የባንክ ግምት ከዋጋው በታች ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ግን አታውቁም። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ ኮርሱ ለዚያ አልተሠራም።

ሕጉም ይህን ያውቃል። ለዚህ ነው ቨርጂኒያ በመጀመሪያው ዓመት ተጨማሪ 30 ሰዓት እንድትማሩ የምታስገድደው። ለዚህ ነው ብሮከር ለመሆን 180 ሰዓት ትምህርትና ከመጨረሻዎቹ 48 ወራት ውስጥ 36ቱን በሥራ ላይ መቆየት የሚጠየቀው። ለዚህ ነው ላይሰንሳችሁ በብሮከር ሥር ካልተመዘገበ መሥራት የማትችሉት፤ ኮሚሽኑም ከደንበኛ እጅ በቀጥታ ሳይሆን በብሮከሩ በኩል የሚመጣላችሁ። ሕጉ «ይህ ሰው ገና ብቻውን አይቁም፤ የሚቆጣጠረው ይኑር» ማለቱ ነው። ብሮከሬጅ ማለት በቢዝነስ ካርድ ላይ የሚታተም ሎጎ አይደለም። በእናንተ ሥራ የሚጠየቅ ሰው ነው። ያ ሰው ስልክ የማያነሳ ከሆነ 100 ፐርሰንቱን የተቀበላችሁት ጠባቂያችሁን ሸጣችሁ ነው።

አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ የደረሰባትን ልንገራችሁ፤ ፈቅዳልኛለች፤ ስሟንም ቢሮዋንም አልጠራም። መቶ ፐርሰንት ቢሮ ገባች። ስምንት ወር ወርሃዊ ክፍያዋን ሳታቋርጥ ከፈለች። የመጀመሪያ ደንበኞቿ ባልና ሚስት ነበሩ፤ እሱ ፓርኪንግ ጋራዥ የሚሠራ፣ እሷ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ። የአሥር ዓመት ዕቁብና ቁጠባ ይዘው ስፕሪንግፊልድ አካባቢ ቤት አገኙ። ኢንስፔክተሩ ጣሪያው ዕድሜው እንዳለቀ ጻፈ። እኛ አካባቢ በምንጠቀምበት የኮንትራት ቅጽ ቀነ ገደብ የሚያበቃው በፈረንጅ ሰዓት ከምሽቱ 9 ላይ ነው። ልጅቷ «ቀኑ ዛሬ ነው» እንጂ «ሰዓቱ 9 ነው» የሚለውን አላወቀችም። አርብ ማታ ብሮከሯ ጋ ስትደውል ቮይስሜይል፤ ጽሕፈት ቤቱ ጋ ስትደውል «ሰኞ እንመለሳለን»። ማስታወቂያውን የላከችው እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ነው። የሻጭ ኤጀንት በትህትና መለሰላት፦ ጊዜው አልፏል፣ ኮንትራቱ እንዳለ ይቀጥላል።

ባልና ሚስቱ ሁለት ምርጫ ቀረላቸው፤ ቀብዱን አደጋ ላይ መጣል ወይም ቤቱን ካረጀው ጣሪያ ጋር መግዛት። ገዙት። ጣሪያውን ከኪሳቸው አሠሩት። እስቲ ንገሩኝ፣ ያ ጣሪያ የማን ፐርሰንት ነው?

ይህንን ክርክር የገንዘብ ክርክር ብቻ አድርገው ሲያቀርቡት የሚያናድደኝ ለዚህ ነው። አዲስ ኤጀንት የሚለማመደው በወገኑ ገንዘብ ላይ ነው። የእኛ ሰው እንግሊዝኛው ኮንትራት ላይ ስለሚከብደው፣ አማርኛ የሚናገር ኤጀንት ፈልጎ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈርማል። ያ እምነት አስተማሪ የሌለውን ጀማሪ ጭምር ያምናል። አደገኛው ነገር እሱ ነው።

የሚያስተምር ብሮከር የሚያድናችሁ ከሌላም ነገር ነው። ደንበኛችሁ «ሐበሻ የሚበዛበት ሰፈር አሳየኝ» ይላችኋል። በባህላችን ቅን ጥያቄ ነው። እናንተም በቅንነት «እዚህ ሰፈር ግዛ፣ እዚያ አትሂድ» ብትሉት በ1968 የወጣውን የፌር ሃውዚንግ ሕግ ጥሳችኋል፤ ሰውን በዘሩ ወይም በትውልድ አገሩ ወደ አንድ ሰፈር መምራት ነውና። ክፍል ውስጥ ትርጉሙን ሸምድዳችኋል። ለጋሽ እከሌ ሳያስቀይሙ በአማርኛ እንዴት እንደሚመለስ ግን የሚያሳያችሁ ልምድ ያለው ሰው ነው፦ «ጋሼ፣ ይኼን እኔ ልመርጥልዎ አልችልም፤ የሚፈልጉትን ሰፈር እርስዎ ይንገሩኝ፤ ዞር ዞር ብለው ይዩት፣ የወደዱትን ቤት ሁሉ አሳይዎታለሁ።»

ወይም ደግሞ ከኦገስት 17 ቀን 2024 ጀምሮ በብሔራዊ ማኅበሩ ስምምነት የመጣውን ለውጥ ውሰዱ። ገዢን ቤት ከማሳየታችሁ በፊት ክፍያችሁ በግልጽ የሰፈረበት የጽሑፍ ስምምነት ማስፈረም አለባችሁ። «አንተ የእህቴ ልጅ፣ በእኔና በአንተ መሃል ምን ወረቀት ያስፈልጋል?» ለሚላችሁ አጎት ይህን ማስረዳት ቀላል ይመስላችኋል? እኔ ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ሲሰናከል አይቻለሁ። ወይ አፍሮ ሳያስፈርም ያሳያል፣ ወይ ሳያስረዳ ያስፈርማል። ሁለቱም ችግር ነው።

«እኛ ስደተኞች ነን፤ ግማሹን ለምን እንሰጣለን?»

ይህን የሚለኝ ሰው ብዙ ነው፤ ክርክሩም የዋዛ አይደለም። ኪራይ አለ፣ አገር ቤት የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ። ከእያንዳንዱ ክሎዚንግ 5,000 ዶላር ማስቀረት ማለት ለአንዳንዱ የሦስት ወር ኪራይ ነው። ከዚህ በኋላ ደግሞ የግል ሥራ ታክሱ አለ፤ 15.3 ፐርሰንቱ ከትርፋችሁ ላይ ይጠብቃችኋል። እውነት ነው።

ሁለት ነገር ግን እመልሳለሁ። አንደኛ፣ ግማሽ የሚወስድ ቢሮ ሁሉ ያስተምራል አላልኩም። ግማሹን ወስዶ በወር አንድ ጊዜ ፒዛ እያበላ «ሞቲቬሽን» የሚሰብክም ሞልቷል። እሱ ከመቶ ፐርሰንቱ ይብሳል። ፐርሰንቱ ከፍ ማለቱም ዝቅ ማለቱም ስለ ትምህርቱ የሚነግራችሁ ነገር የለም፤ ስለዚህ ነው መጀመሪያ እሱን አትጠይቁ የምለው።

ሁለተኛ፣ ይህ የዕድሜ ልክ እስራት አይደለም። ላይሰንስ ማዛወር የቅጽና የክፍያ ጉዳይ ነው። ሁለት ሦስት ዓመት ተምራችሁ፣ ኮንትራቱን በራሳችሁ ማንበብ ስትጀምሩ፣ ደንበኛ ራሱ ሲደውልላችሁ፣ ያኔ መቶ ፐርሰንት ቢሮ ግቡ፤ ራሴ መርቄ እሸኛችኋለሁ። ያ ቢሮ የተሠራው ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ነው፤ ለሚያውቅ ሰው ደግሞ ጥሩ ነው። ጀማሪን እዚያ ማስገባት ግን መንጃ ፈቃድ ትናንት የተቀበለን ልጅ በበረዶ ቀን የጭነት መኪና ይዞ ቤልትዌይ ላይ እንደመልቀቅ ነው።

«ከወገንህ ጋር ብትሠራስ?»

ዘመድ ከዘመዱ ይባላል፤ እኔም አልቃወምም። በዚህ አካባቢ በአማርኛ የሚያስተምሩ፣ ጀማሪን እንደ ልጃቸው የሚያሠለጥኑ ሐበሻ ብሮከሮች አሉ፤ አክብሮቴ ትልቅ ነው። የምቃወመው ይሉኝታን ነው። ቢሮውን ከመጠየቅ ይልቅ «ከጠየቅኩ ቅር ይለዋል» ብላችሁ ዝም ስትሉ፣ ኮንትራቱን ከማንበብ ይልቅ «ሰውየውን አውቀዋለሁ» ስትሉ፣ ያኔ የመረጠላችሁ ይሉኝታ ነው። ደግሞ ልብ በሉ፤ እውነተኛ ወገን ጥያቄ አያስቀይመውም። የሚቀየም ከሆነ የመጀመሪያውን መልስ አግኝታችኋል።

ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ቢሮ ሂዱ። አሌክሳንድሪያ ያለውንም፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውንም፣ የሐበሻውንም፣ የፈረንጁንም እዩ (ሜሪላንድ ለመሥራት የሜሪላንድ ላይሰንስ እንደሚያስፈልግ አትርሱ)። እነሱ እናንተን ኢንተርቪው እያደረጉ አይደለም፤ እናንተ ናችሁ የምታደርጉት። እነዚህን ጥያቄዎች በወረቀት ይዛችሁ ግቡ፦

1. የመጀመሪያዎቹን ሦስት ኮንትራቶቼን አብሮኝ የሚያየው ማነው? «ቲማችን» አይደለም መልሱ፤ የሰው ስምና የስልክ ቁጥር ነው። አርብ ማታ 8 ፒኤም ላይ ደውላችሁ ሞክሩት።

2. ያ ሰው ራሱ ቤት ይሸጣል? ሙሉ ቀን ደንበኛ ይዞ የሚሮጥ ከሆነ ለእኔ የሚሆን ሰዓት ከየት ያመጣል?

3. ባለፈው ዓመት ስንት አዲስ ኤጀንት ገባ? ከእነሱ ውስጥ ቢያንስ አንድ ቤት የዘጋው ስንቱ ነው? የገባውን ቁጥር በኩራት ነግሮ የዘጋውን «ይለያያል» የሚል ቢሮ መልሱን ሰጥቷችኋል።

4. ክፍያዎቹን ሁሉ በአንድ ገጽ ጻፉልኝ፦ ወርሃዊ፣ የክሎዚንግ፣ የኢንሹራንስ፣ የፍራንቻይዝ፣ የቴክኖሎጂ፣ የቲም። ደንበኛ ቢከሰኝ የኢንሹራንሱን ዲዳክቲብል የሚከፍለው ማነው?

5. ብወጣ ምን ይሆናል? በሂደት ላይ ያለው ኮንትራት ኮሚሽን በስንት ፐርሰንት ይሰላል? የሊስቲንግ ውል የብሮከሬጁ እንጂ የእናንተ እንዳልሆነ አትርሱ።

6. ደንበኞቼን ወደ አንድ ሌንደር ወይም ወደ አንድ ታይትል ካምፓኒ እንድልክ ትጠብቃላችሁ? «ለላክኸው ሰው ትንሽ ነገር ያደርጉልሃል» ካሏችሁ ቆማችሁ ውጡ። በ1974 የወጣው ሬስፓ ለሪፈራል የሚከፈልን ጉቦ ይከለክላል፤ የምትጠየቁትም እናንተ ናችሁ።

7. ኡበሬን ሳልተው በትርፍ ጊዜ ልሠራ እችላለሁ? «አዎ፣ ምንም ችግር የለም!» ከሚለው ይልቅ «ደንበኛህ ቀን ላይ ሲደውል ማን ያነሳለታል?» ብሎ መልሶ የሚጠይቃችሁን እመኑት።

ከዚያ በኋላ ከዚያ ቢሮ የወጣ አንድ ሰው ፈልጋችሁ አናግሩ፤ ያለውን ሁሉም ያመሰግናል። የሚሰጧችሁን ውል ደግሞ ቤት ወስዳችሁ አንብቡ። «ዛሬ ከፈረምክ…» የሚል ነገር ካለ አትፈርሙ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ነው ነገሩ። ነገ ደንበኛችሁን «ሳታነቡ አትፈርሙ» ብላችሁ የምትመክሩት እናንተ ናችሁ፤ የራሳችሁን ውል ሳታነቡ ከፈረማችሁ በምን አፋችሁ?

ለመልማዮቹም አንድ ቃል አለኝ። ሰው አታምጡ አልልም። ያመጣችሁትን ሰው ግን አስተምሩት። አምስት ልጅ መልምላችሁ አምስቱም በዓመቱ ላይሰንሳቸውን መሳቢያ ውስጥ ከተው ወደ ታክሲያቸው ከተመለሱ፣ ያ ዕድገት ተብሎ በፖስተር የሚለጠፍ አይደለም። አንዷን ልጅ ቁጭ ብላችሁ አስተምራችሁ ሦስት ቤት ብታዘጓት ለእናንተም ይበልጣል፤ ለእሷም፣ በእሷ ላይ ለተማመኑት ቤተሰቦችም።

ተማሪዎቼ፣ ፈተናው እስኪያልፍ ስንት ሌሊት እንደከፈላችሁ አውቃለሁ። ያንን ሁሉ ለፍታችሁ ያገኛችሁትን ላይሰንስ ስልክ ለማያነሳ ሰው አታስረክቡ። ፐርሰንቱ ይደርሳል፤ መጀመሪያ የሚያስተምራችሁን ሰው ፈልጉ።

የማትስማሙ ኮሜንት ላይ ጻፉ፤ ስድብ ካልሆነ አላጠፋም። አዲስ ላይሰንስ የያዘ ሰው የምታውቁ ደግሞ አድርሱልኝ። መልካም ሥራ!